የጋሼ ጨምር ሰማያዊ

መብራት የሌለው ሰፈር አይቻለሁ፤ ውሃ የሌለውም አይቻለሁ። ቀለም አዋቂ የሌለው ሰፈር ግን እስከ ዛሬ አላየሁም። የእኛው ክቡርነታቸው ጋሼ ጨምር ናቸው። ትክክለኛ ስማቸውን ማን ያስታውሳል? ከአፋቸው የሚወጣው «ጨምር! ትንሽ ጨምርበት!» ብቻ ነው። የሰው በርና ግድግዳ ሲያስቀቡ ይውላሉ፤ የራሳቸው በረንዳ ግን ገና ግራጫ ነው። «የእኔማ ሰማያዊ ነው የሚሆነው፤ የቀለም ዱቄቱ አልጋዬ ስር ተቀምጧል» ማለት ከጀመሩ ዓመታት አልፈዋል።

እማዬ ዓይኗ ደክሟል። የጓሮው ደረጃ ከመሬቱ ጋር አንድ ዓይነት ሲሚንቶ ስለሆነ አልለይ ብሏት ወደቀች። ከዚያ ወዲያ ፀሐይ መሞቅ ቀረ፤ ክፍሏ ውስጥ ኩርምት ብላ መዋል ሆነ። አላስችል አለኝ። ጓሮውን ባለ ቀለም ኮንክሪት ላለብሰው ቆረጥኩ፦ መሬቱ ቢጫ፣ ደረጃው ቀይ። በቃ።

ግንበኛ ልጠራ ስል ጋሼ ከአጥር ማዶ ሰሙኝ። «ግንበኛ? እኔ እያለሁ?» ብለው እጅጌያቸውን ሰብስበው ገቡ።

እኔ አቦካለሁ፣ እሳቸው ዱቄቱን በእፍኝ ይበትናሉ።

«ኧረ ጋሼ፣ ልኩ እኮ ከረጢቱ ላይ ተጽፏል!»

«ከረጢት ዓይን አለው እንዴ? ጨምር!»

ኮንክሪት እርጥቡን ደማቅ ነው፤ ሲደርቅ ይነጣል። ጋሼ ግን ጠዋት የደረቀውን ባዩ ቁጥር «ፈዘዘ!» ብለው ይደነግጡና ለቀጣዩ ያበዙበታል። ደግሞ «ቢጫው ብቻውን በሽተኛ ይመስላል» እያሉ ከቀዩ ጣል ያደርጉበታል። ባለቤቴ በመስኮት ብቅ ብላ «ይሄ ጓሮ ነው የተጣጣፈ ብርድ ልብስ?» ብላ በሳቅ ፈረሰች። እኔም መሳቄ አልቀረም።

ደረጃው ጋ ስንደርስ ሳቄ ቆመ። የቀዩን ከረጢት ገልብጬ ባራግፈው አፍንጫዬን የሚያቀላ እንኳ አልወጣውም።

«ጋሼ! የእማዬ ደረጃ!»

አንዴ ከረጢቱን፣ አንዴ የእማዬን መስኮት አዩና ውልቅ ብለው ሄዱ። አመለጡ ብዬ ስረግማቸው፣ አቧራ የጠጣ ቆርቆሮ ታቅፈው ተመለሱ። ያ ሰማያዊ!

«ትንሽ ልጨምር?» አልኳቸው፣ ስንት ዓመት ያስቀመጡትን ለመንካት ፈርቼ።

«ምን ትንሽ! ሙሉውን ገልብጠው!»

በደንብ ከደረቀ በኋላ እማዬን እጇን ይዤ በሩ ላይ አቆምኳት። ዓይኗን ጨፈን ገለጥ አደረገች።

«ያ ሰማያዊው ምንድነው?»

«ደረጃው ነው፣ እማዬ።»

እጄን ለቀቀችኝ። ብቻዋን ወረደች። እልል ልል ምንም አልቀረኝ! ጋሼ «የሲሚንቶ አቧራ ነው» እያሉ ዓይናቸውን ይጠርጋሉ።

«ተባረክ፣ አንተ ጨምር» አለች እማዬ። «ግን ዳር ዳሩ ትንሽ አልፈዘዘም?»

«አላልኩም?!» ብለው ዘለሉ።

በረንዳቸው ዛሬም ግራጫ ነው። ነገ ግን ቆርቆሮ ሙሉ ሰማያዊ ይዤ፣ ሳልጠራ እሄድባቸዋለሁ። እሳቸው ያቦካሉ፤ «ጨምር!» የምለው እኔ ነኝ።