ከአሜን በኋላ የጎደለው አርባ ሺህ

ዕድሜ ሲገፋ ትዝታ እንደ አሮጌ ወንፊት ይሆናል፤ ደቃቁን ያሳልፋል፣ ጠጠሩን ያስቀራል። ስለዚህ አስቀድሜ ልናዘዝ። የምነግራችሁ ነገር ማክሰኞ ይጀመር ሐሙስ በትክክል አላስታውስም። መኪና ሻጩ ታምራት ያን ቀን ባለመስመር ሸሚዝ ለብሶ ነበር እላለሁ፤ ባለቤቴ አስቴር ደግሞ ሹራብ ነው ትላለች። እሷ በቦታው አልነበረችም። ቢሆንም ሹራብ በሉት፤ ከእሷ ጋር መከራከር ምን እንደሚያስከትል ወደ በኋላ ታዩታላችሁ። አርባ ሺህ ብሩን ግን አልረሳሁም። ገንዘብ ሲጎድል የሽማግሌ ትዝታ ጎረምሳ ይሆናል።

መቼም በእኛ አገር ነገር የሚዘጋው በፊርማ እንዳይመስላችሁ። ፊርማማ ይከፈታል፤ ጠበቃ የተፈጠረው ለዚሁ ነው። ነገር የሚዘጋው በምርቃት ነው። የተጣላ ሲታረቅ፣ ከብት ሲሸጥ፣ ውል ሲፈርስ፣ ከተቀመጡት ሁሉ በዕድሜ የሚበልጠው እጁን ዘርግቶ ይመርቃል፣ የቀረው አሜን ይላል፣ አለቀ። ከአሜን በኋላ «ቆይ እስቲ፣ አንድ ነገር ቀርቶኛል» የሚል ሰው፣ ቀብር ላይ ቆሞ ሟቹ ዕዳ አለበት ብሎ ከሚጮኽ ሰው አይሻልም። ይህን ሁላችንም እናውቃለን። ታምራትም ያውቃል። ችግሩ እሱ ከእኔ ቀድሞ ማስታወሱ ነው።

እኔ ደግሞ እንዲህ በቀላሉ የምታለል ሰው አልነበርኩም። ሠላሳ ዓመት የመጋዘን ዕቃ ተረካቢና አስረካቢ ሆኜ ሠርቻለሁ። የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ቢሆንም መቁጠር አንደኛ ክፍል ላይ ነው የሚያልቀው። አንድ ጆንያ ሳልቆጥር ፈርሜ አላውቅም። አሁንም ቢሆን ከቤት ስወጣ በሩን ቆልፌ፣ መልሼ ከፍቼ፣ በደንብ መቆለፌን አረጋግጬ፣ እንደገና እቆልፋለሁ። አስቴር «ሌባው ራሱ አንተን ሲጠብቅ ሰልችቶት ይሄዳል» ትላለች።

መኪና ያስፈለገን በእሷ ጉልበት ምክንያት ነው። ቤታችን እዚሁ ሐዋሳ፣ ምሥራቅ በሚባለው ክፍለ ከተማ ነው፣ የጸሎት ቤታችን ፒያሳ አካባቢ። በመካከሉ ያለውን መንገድ በባጃጅ የሄደ ሰው ጸሎቱን እዚያው ባጃጁ ውስጥ ነው የሚጨርሰው። ያጠራቀምኩትን አወጣሁ፣ ልጆች አዋጡ፣ የጎደለውን አርባ ሺህ አስቴር ሞላች። የዕቁቧ ብር ነው። በርበሬ እያስፈጨች ሸጣ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ጥላ፣ በመጨረሻ የደረሳት። ስትሰጠኝ አንድ ነገር ብቻ ነው ያለችው፦ «ይቺን እኔ ነኝ የማውቃት።»

ታምራት መናኸሪያ አካባቢ ግቢ ተከራይቶ ያገለገሉ መኪኖች ይሸጣል። አንዲት ነጭ የቤት መኪና አሳየኝ። «አባባ፣ ይቺ እኮ ሞተሯ ድምፅ የላትም!» አለኝ። አልዋሸም። በሰባተኛው ቀን ጭራሽ ድምፅ አልነበራትም። ከዚያ በፊት የነበሩትን ስድስት ቀናት ደግሞ ውሃ ስትጠጣ ነው ያሳለፈችው። ከምሥራቅ ፒያሳ ለመድረስ ሁለት ጊዜ ቆማ ትጠጣለች፤ አንድ ወር ብንቆይ ኖሮ ሐይቃችን መቀነሱ አይቀርም ነበር። መካኒኩ ክዳኗን ከፍቶ አየና ክዳኗን ዘጋ። «አባባ፣ ይሄ ሞተር ከዚህ በፊት አንዴ ተቀቅሏል» አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ ሐዘንተኛ እንደሚያጽናና ሰው፣ «ስሟ ወደ እርስዎ ዞሯል?» ሲል ጠየቀኝ። አልዞረም ነበር። «ተመስገን ይበሉ!»

ጎረቤቴን ሐጂ ሙዘይንን ይዤ ሄድኩ። ሐጂ ሱቅ አላቸው፣ ሰው ያከብራቸዋል፣ ሚዛናቸውም ትክክል ነው። ታምራት ብዙ አላስቸገረም። ለስላሳ ከፈተልን፣ ተሟገተ፣ ማለ፣ በመጨረሻም «መኪናዬ ትመለስ፣ ብራቸውም ይመለስ» አለ። ሐጂ «ሙሉው?» አሉት። «ሙሉው!» ቁልፉንና ሊብሬውን አስረከብኩ። እሱም ስልኩን አውጥቶ በባንክ መላክ ጀመረ። ጣቱ ስልኩ ላይ እያለ ነው ቀና ብሎ ያየኝ።

«ሐጂ፣ ከሁላችን ታላቅ አባባ አይደሉ?» አለ። «ይመርቁንና በፍቅር እንለያይ።»

አወቅሽ አወቅሽ ሲሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች ይባላል። ከሐጂ በሁለት ዓመት እበልጣለሁ፤ በዚህ ደግሞ ማንም አመስግኖኝ አያውቅም። ተነሣሁ። እጄን ዘረጋሁ። ስጀምር አጭር ለማድረግ ነበር ያሰብኩት፤ ግን አሜኑ ሞቅ ሲል ምርቃቱም ሞቀ። ልጆቹን አሳደግሁለት፣ ንግዱን አሰፋሁለት፣ ከክፉ ዓይን ሰወርኩት። ስለ ጤናው በመለመን ላይ ሳለሁ ስልኬ ደረት ኪሴ ውስጥ «ጢጥ» አለ። ብሩ ገባ ማለት ነው። አሁን እናንተ ፍረዱኝ፤ እጅን ወደ ሰማይ ዘርግቶ ፈጣሪን «አንዴ ቆይ» ብሎ ስልክ ማየት ይቻላል? አይቻልም። «የጎደለህን ይሙላልህ» ብዬ ጨረስኩ። ሐጂ «አሚን» አሉ። ከሁሉም ጎልቶ የተሰማው ግን የታምራት አሜን ነበር። ጉልበቴን ስሞ ወደ ጉዳዩ ሄደ።

መነጽሬን ያደረግኩት አስፋልቱ ዳር ነው። ዜሮዎቹን ከቀኝ ወደ ግራ፣ ከዚያም ከግራ ወደ ቀኝ ቆጠርኩ። አርባ ሺህ ጎድሏል። ያውም ከሌላው ገንዘብ ሁሉ ተመርጦ ልክ የአስቴር ዕቁብ!

እዚያው ቆሜ ደወልኩ።

«ታምራት፣ ይሄ ነገር ጎደለ እኮ።»

«አባባ፣ እሱማ የደላላ አለ፣ ሁለት ሳምንት የነዱበት ጎማ አለ...»

«ሰባት ቀን ነው። ከዚያ በኋላ ገፋናት እንጂ አልነዳናትም።»

«ታዲያ መርቀው ዘጉት አይደል እንዴ? የጎደለህን ይሙላልህ ብለውኛል፤ ሞላልኝ! እንግዲህ እንዴት ይነሣል? ነውር አይሆንም?»

ስልኩን ለሐጂ ሰጠኋቸው። ተቆጡ፣ ገሠጹ፣ «ሐራም ነው» አሉት። እሱ ግን በትሕትና፣ በአክብሮት፣ በ«አባቶቼ» እና በ«እግርዎ ሥር» አልፎ አንድ ቦታ ላይ ቆመ፤ ምርቃት አይታጠፍም። ሐጂ ስልኩን ዘግተው መለሱልኝ። «ጋሽ በቀለ፣ ልጁ ባለጌ ነው» አሉ። «ግን እርስዎስ ምን አስቸኮልዎት?»

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላሉ። እኔ ግን ከአፈሰስኩት የምለቅመው አልነበረኝም። ሠላሳ ዓመት ጆንያ ቆጥሬ፣ በስተርጅና የራሴን ገንዘብ ሳልቆጥር መረቅሁ። ይባስ ብሎ ለአስቴር ለሁለት ቀን አልነገርኳትም። በሦስተኛው ቀን በሩን ሦስት ጊዜ ስቆልፍ አየችኝ። «ስንት ጎደለ?» አለች።

ሁሉንም ነገርኳት፤ ምርቃቱን፣ «ጢጡን»፣ አሜኑን። ትጮኻለች ብዬ ስጠብቅ ነጠላዋን አነሣች።

«አሜን ያለው ማን ማን ነው?»

«ሐጂና ታምራት።»

«እኔስ?»

«አንቺ አልነበርሽም።»

«እንግዲያው አልተዘጋም» አለችና ባጃጅ ጠራች።

ታምራት ግቢ በር ላይ ወንበር አስመጥታ ተቀመጠች። ክፉ ቃል ከአፏ አልወጣም፤ ይህን ሐጂም ይመሰክራሉ። ብቻ ተቀመጠች። መኪና ሊገዛ የሚመጣ ሰው ሁሉ፣ አሮጊት በር ላይ ተቀምጣ ሲያይ፣ እንደ ባሕላችን ጎንበስ ብሎ ይጠይቃል።

«እማማ፣ ደኅና ነዎት? ምን ሆነው ነው?»

«ጉልበቴን ነው ልጄ። ከዚህ ግቢ መኪና ገዝተንለት ነበር።»

«ታዲያ መኪናዋስ?»

«እሷም አመማት።»

ከዚህ ሌላ አትናገርም። ሰውየው ወደ ግቢው ያያል፣ ወደ ጉልበቷ ያያል፣ «እግዜር ይማርዎት» ብሎ ይሄዳል። ታምራት ለስላሳ አመጣላት፤ ጠጣች። ጥላ ሥር እንድትቀመጥ ለመናት፤ ከበሩ አልነቃነቅም አለች። «እማማ፣ አባባ እኮ መርቀውኛል!» አላት። «እሱ የራሱን መረቀ። የእኔ በርበሬ ግን አሜን አላለም።» ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም የሚለው ተረት ላይ አስቴርም መጨመር አለባት።

በሩ ላይ መቀመጥ በጀመረች በሦስተኛው ቀን፣ ከምሳ በፊት ስልኬ «ጢጥ» አለ። ሠላሳ አምስት ሺህ። አምስቱን ደላላው በልቶታል፣ ከየት ላምጣ ብሎ ለምኗታል። እሷም የመጣውን ደውላ እኔን ሁለት ጊዜ ካስቆጠረችኝ በኋላ ነው ከወንበሩ ተነሥታ የመረቀችው። አጭር ነበር አሉ፦ «ልብ ይስጥህ።» አሜን ያለው ግን ቀስ ብሎ ነው።

የቀረውን አምስት ሺህ ከጡረታዬ በየወሩ እየቆረጥኩ እከፍላታለሁ። የምርቃትህ ዋጋ ነው ብላኛለች። እንግዲህ በሐዋሳ ከተማ እንደ እኔ ከኪሱ ከፍሎ የሚመርቅ ሽማግሌ ካለ ቢነግሩኝ ደስ ይለኛል። በባጃጅ መሄዳችንን ቀጥለናል፤ ጉልበቷ እንደ በፊቱ ነው።

ለመጨረሻ ጊዜ ወሬ የሰማሁት ባለፈው ቅዳሜ ከሐጂ ሙዘይን ሱቅ ስኳር ስገዛ ነው። ነጯ መኪና ታጥባ፣ ዋጋዋ ተጨምሮ፣ እዚያው በር ላይ ቆማለች አሉኝ። አንድ በዕድሜ የገፉ ሰውዬ ሊገዟት መጥተው፣ ዞረው አይተዋት፣ ሞተሯን አስነሥተው አዳምጠው፣ ወደዋት ነበር። ታምራት ግን ውሉን ከማውጣቱ በፊት ግቢውን ዙሪያውን አይቶ እንዲህ አላቸው አሉ።

«አባባ፣ ባለቤትዎ አብረውዎት ካልመጡ አልሸጥም።»