አይጠፋም ያልኩት አስካሊየም

ቤተሰብ፣ ጉዴን ስሙልኝማ! ዛሬ ጠዋት ራሴ የፈጠርኩት ማዕድን ጠርቶ ችሎት አቆመኝ።

አዎ፣ ማዕድን። ነጠላ የለበሰ ማዕድን!

ለማታውቁኝ፣ ናቲ እባላለሁ። አቃቂ በሰቃ ተከራይቼ እኖራለሁ፣ ቀን ስልክ እጠግናለሁ፣ ከስራ መልስ ደግሞ ሞድ እሰራለሁ። ሞድ ማለት ሌላ ሰው የሰራው ጌም ላይ አድናቂው የራሱን ነገር የሚጨምርበት ነው። የሰው ወጥ ላይ ቅመም እንደመጨመር በሉት። ደሞዝ የለውም። ደሞዝ የለውም ስትሉኝ ደግሞ አኮርፋለሁ።

የእኔ ሞድ፣ ሁሉ ነገር አራት ማዕዘን በሆነበት በዚያ የቁፋሮ ጌም ላይ አዲስ የነዳጅ ማዕድን ይጨምራል። ትቆፍራለህ፣ ምድጃ ውስጥ ትከታለህ፣ ይነድልሃል። ከሌላ ማዕድን ጋር ስታቀልጠው ደግሞ ቅይጥ ብረት ይወጣዋል።

አሪፍ ስራ ነው። የቸገረኝ ስም ነበር።

በመስኮት ወደ ውጭ አየሁ። አከራዬ እትዬ አስካለ ውሃ አንጠባጠበ ብለው ቧንቧውን ይቆጣሉ። ቧንቧውን! ያኔ ተገለጠልኝ።

አስካሊየም።

መግለጫውን በእንግሊዝኛ ጻፍኩለት። ጠዋት አንዴ ከተቀጣጠለ እስከ ማታ አይጠፋም፣ ውሃ አይበግረውም፣ ጆሮውን የሚወድ ሰው አጠገቡ አይቁም አልኩ።

ከጀመርኩ በኋላማ ማን ያስቁመኝ? ጡረታ ከወጡ ጀምሮ የግቢው በር ላይ ወንበር አውጥተው የሚውሉት ጋሽ ቶሎሳ፣ "ቶሎሳይት" ሆኑ። እጅግ ከባድ፣ ከተቀመጠበት የማይነሳ፣ አላፊ አግዳሚውን የት ነበርክ የሚል። ከአስካሊየም ጋር ሲቀልጥ ቅይጥ ብረቱን የሚሰጠው እሱ ነው። በሩ አጠገብ ሱቅ ያለው ሸምሱ ደግሞ "ሸምሳይት"። የቱንም ያህል ብትቆፍር አታገኘውም፣ ነገ ይመጣል።

ዋሸሁ እንዴ? ስኳር ስትሉት ነገ፣ ባትሪ ስትሉት ነገ። እሱ ሱቅ ውስጥ ዛሬ የሚገኘው ሸምሱ ብቻ ነው።

በእንግሊዝኛ ስለሆነ ማን ያነበዋል ብዬ ተዝናናሁ።

ከዚያ አንድ ሞዴን የሚወድ የኮዬ ፈጬ ሰው "ብሮ፣ ሙሉውን በአማርኛ ተርጉሜልሃለሁ፣ በነፃ!" ብሎ ጻፈልኝ። እንባዬ መጣ። ሰው ስራዬን ወዶ ተረጎመው! ሳላነብ ለቀቅኩት። መልቀቅ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር፤ ሊንኩን የግቢያችን ግሩፕ ላይ ለጠፍኩት! የውሃ ተራና ከገመድ ላይ የጠፋ ካልሲ የሚታወጅበት ግሩፕ ላይ!

"የልፋቴ ውጤት፣ ኩሩብኝ" ብዬም ጻፍኩበት። ልብ አለው፣ ቀይ ልብ።

ተርጓሚው ለካ ምላስ የተሰጠው ነው። እኔ "ውሃ አይበግረውም" ያልኩትን እሱ "ፀበል ቢረጩበት የሚብሰው" ብሎታል።

ዛሬ እሁድ በሬ ተንኳኳ። "ናቲ፣ እስቲ ብቅ በል።"

ብቅ ስል እትዬ አስካለ ከቤተክርስቲያን እንደተመለሱ፣ ነጠላቸውን እንኳ ሳያወልቁ የውሃ ታንከሩ ጥላ ስር ተቀምጠዋል። ጋሽ ቶሎሳ ወንበራቸውን ከበሩ አንስተው መጥተዋል። ከተቀመጠበት አይነሳም ያልኳቸው ሰውዬ! ሸምሱ ሱቁን ዘግቶ፣ ድምፁን እንደ ዜና አንባቢ አጎርንኖ፣ ከስልኩ ላይ ያነባል። "ፀበል ቢረጩበት የሚብሰው..."

ቤቱን ልቀቅ ሊሉኝ ነው አልኩ። በዚህ ዘመን ቤት የፈለገ ያውቃታል። ደግሞስ እንዲህ ያለ ክፍል ከየት ይመጣል? መብራቱ ከኪራዩ ጋር ነው። ኮምፒውተሬ እንደበራ ውሎ እንደበራ ያድራል፤ እትዬ አስካለ አንድ ቀን "ቆጣሪው ቆጠረብኝ" ብለውኝ አያውቁም።

"አስካሊየም የምትላት እኔ ነኝ?"

"ኧረ በፍፁም እትዬ! የሳይንስ ስም ነው።"

"ሳይንስ የእኔን ስም ከየት አገኘው?"

መልስ ያለው ካለ ኮመንት ላይ ያስቀምጥልኝ።

ጋሽ ቶሎሳ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ከባድ ነው ብለኸኛል። እሱስ ይሁን። ግን እኔና አስካለ ስንቀላቀል ይወጣል ያልከው ብረት፣ ጠንካራ ነው?"

"ከሁሉም ጋሼ! ምንም አይበሳውም።"

"እህ!" ብለው ሸምሱን በኩራት አዩት። ሸምሱ ከፋው። "እኔስ? እኔ ለምንድነው ከማንም ጋር የማልቀየጠው?"

ስለማትገኝ ነዋ ልል ነበር፣ ዋጥኩት። "በሚቀጥለው አፕዴት ትገባለህ" አልኩት።

"መቼ?"

"ነገ።"

ግቢው በሳቅ ፈረሰ። እትዬ አስካለ ሳይቀሩ ሳቁ። እኔም ተረፍኩ ብዬ አብሬ ሳቅኩ። ምን ያስቀኛል ግን?

እትዬ አስካለ ሳቃቸውን ጨረሱና ተነሱ። ወደ ቆጣሪው ሄዱ። የእኔን ክፍል መስመር ቀጭ! ኮምፒውተሬ ከውስጥ ዝም ሲል እዚያው ቆሜ ሰማሁት።

"አይጠፋም አላልክም?" አሉኝ። "ይኸው ጠፋ።"

"እትዬ በፈጠረዎት! ስሙን አሁኑኑ ከሞዱ አወጣዋለሁ!"

"ማን አውጣ አለህ? ስሜማ ዓለምን ይዙር። ሁላችንን አስገብተህ አንተ የት ገባህ? ራስህን ጨምርና አምጣ፣ ያኔ አበራልሃለሁ። ለእኛ እንዳልራራህ ለራስህም እንዳትራራ።"

"ያለ መብራት እንዴት አድርጌ?"

"ስልክ የለህም? እዚያው ጻፈው።"

የበሬ ደፍ ላይ ተቀምጬ ጻፍኩ። "ናታኒየም፦ ብርቅዬ፣ አንጸባራቂ፣ ከጥልቅ መሬት ብቻ የሚገኝ።" ሸምሱ አነበበላቸው።

"ይሄማ የስራ ማመልከቻ ነው" አሉ እትዬ አስካለ። "ድገመው።"

ደገምኩ። "ናታኒየም፦ ጸጥተኛ፣ ታታሪ፣ ማንም ያልተረዳው።"

"ታታሪ?" አሉ ጋሽ ቶሎሳ። "በር ላይ የምውለው እኮ እኔ ነኝ። ቆሻሻ የመድፋት ተራው ሲደርስ ወዴት እንደሚሰወር እኔን ጠይቁኝ።"

ታዘባችሁኝ አይደል? ጎረቤት ላይ ስጽፍ ቃሉ እንደ ጎርፍ ይወርድልኝ ነበር። ራሴ ላይ ስደርስ አለቀብኝ። ነገ ይመጣል!

ጸሐይዋ አናቴ ላይ ወጣች። ተናደድኩ፣ ቀጥሎ ደግሞ አፈርኩ። ካፈርኩ በኋላ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ።

"ናታኒየም፦ ከላይ ያብለጨልጫል። ለብቻው አይነድም። አስካሊየም ላይ ተጥዶ ይግልና ሙቀቱ የራሱ ይመስለዋል።"

ሸምሱ ይህን ሲያነብ የዜናውን ድምፅ ተወው። እትዬ አስካለ "አሁን ገና ጻፍክ" አሉና ነጠላቸውን ሰብስበው ወደ ቆጣሪው ሄዱ።

"ናቲ! በራ?"

"በራ እትዬ!"

አፕዴቱን ለቅቄዋለሁ። ያ ምላሰኛ ተርጓሚም አይቶት "ብሮ፣ ይቺ ላይ የምጨምረው አጣሁ" ብሎኛል። ሸምሳይት የሚቀየጥበትን እየሰራሁ ነው፤ ሸምሱ እየመጣ "ደረሰ?" ይለኛል፣ እኔም የሚገባውን መልስ እሰጠዋለሁ።

ሳታነቡ አትለጥፉ ብዬ ልመክራችሁ ነበር፣ ግን እንተዋወቃለን፣ ይሄንንም ሳታነቡ ነው ሼር የምታደርጉት። ስለዚህ ልጠይቃችሁና ልሂድ።

እናንተስ፣ በማን ቆጣሪ ነው የምታበሩት?