ኤሲው ስር ያለው አልጋ

የኛ ሀገር ሰው ሙቀት አይፈራም፤ የሚፈራው ነፋስ ነው። ካላመናችሁኝ ከአዋሽ ሰመራ በሚኒባስ ሂዱ። ሚሌ ጋ ጎማው ሊቀልጥ ደርሶ፣ ላባችሁ ካልሲያችሁ ውስጥ ገብቶ፣ መስኮቱን ትንሽ ገርበብ ብታደርጉ ከኋላ አንድ ሰው "ዝጊው እህቴ፣ ብርድ ይመታናል" ይላል። የትኛው ብርድ? አፋር ውስጥ ካለ አሳዩኝና አቅፌው ልተኛ።

በዚህ ፍርሃት ስቀልድ ነው ያደግኩት። ቀልዴ ግን አባዬ እግር ላይ ወጣ።

አባዬ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። ጎማ ሲቀይር ክሪኩ ከድቶት እግሩ ተሰበረና ሰመራ ካሉት ሆስፒታሎች ባንዱ ኦፕራሲዮን ተደረገ። እኔ አስታማሚ ሆኜ ከአዋሽ ሄድኩ። ክፍሉ ውስጥ ያለው ኤሲ አንድ ነው። እሱ ስር ደግሞ ገና ትናንት የገቡ፣ እግራቸውን የተሰፉ ሐጂ ይማም የሚባሉ የወሎ ነጋዴ ተኝተዋል። አባዬ መስኮት ስር ፀሐይ ይጠብሰዋል፣ ሐጂ ኤሲ ስር ብርድ ልብስ ተከናንበዋል። ይሄ ፍትህ ነው?

ጠጋ አልኩና ድምፄን እንደ ሲስተር ዝቅ አድርጌ፣ እኔ ምን አገባኝ ሐጂ፣ ግን የኤሲ ነፋስ በስፌት ቀዳዳ ይገባል፣ ከገባ ደግሞ አይወጣም አልኳቸው። "ያረቢ፣ እስካሁን ምነው ዝም አላችሁኝ?" ብለው አልጋ እንዲቀየርላቸው ራሳቸው ሲስተሯን ለመኑ። እኔ ኮሪደር ወጥቼ በሻርፔ አፌን አፍኜ ሳቅኩ። አባዬ ኤሲው ስር ሲጋደም "ልጄ ገነት አስገባችኝ" አለ።

ገነቷ ብዙ አልቆየችም። ሊድን ነው የተባለው ቁስል ማዠት ጀመረ፤ መድኃኒት ቢቀየርም እምቢ አለ። ሐኪሙ ፈንገስ ነው ሲል እኔ የመጣልኝ ዳቦ ላይ የሚወጣው ሻጋታ ነው። አባዬ ዳቦ ነው እንዴ?

ከየት እንደመጣ የሚፈልጉ ሰዎች መጡና ጫፉ ጥጥ በሆነ እንጨት ያልነኩት ነገር የለም፤ አልጋውን፣ የበሩን እጀታ፣ የሲስተሮቹን እጅ፣ የኔን ፔርሙዝ ሳይቀር። ወጡንም ቅመሱት ልላቸው ነበር። አንዷ ግን ከሐጂ በፊት እዚያው አልጋ ላይ የተኛው በሽተኛም ቁስሉ እንዲሁ ሆኖ መመለሱን ሰማችና ቀና ብላ ኤሲውን አየች። ሲከፈት ውስጡ ጥቁር ፀጉር ያበቀለ ይመስላል። ከቀናት በኋላ ውጤቱ መጣ፤ እዚያ ያለውና አባዬ ቁስል ላይ ያለው አንድ ነው።

ያቺው ኤሲውን ያየችው ሴት ታዲያ አልጋ ለምን ቀየሩ ብትለው አባዬ ኮራ ብሎ "ልጄ ናት በዘዴ ያስቀየረችልኝ" አላት። እኔ ጫማዬን አየሁ።

ኤሲው በፕላስተር ታሸገ። የአባዬ እግር እንደገና ተከፍቶ ታጠበ፤ መሪ መቼ እንደሚይዝ ሐኪሙም አይናገርም። እኔ በብስኩት ካርቶን አራግብለታለሁ።

ሐጂ ድነው ሲወጡ ቴምር ይዘውልኝ መጡ። ዱዓ አደረጉልኝና ኤሲው በስፌቴ ሊገባ ሲል ያዳነችኝ ይቺ ናት እያሉ ለክፍሉ ሁሉ አወሩ። አባዬ ዞር ብሎ አየኝ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

"እስቲ ልጄ፣ የሱቄንስ ቬንትሌተር ልንቀለው?" አሉኝ ሐጂ።

እኔ ምንም አላውቅም፣ ያኔም አልጋውን ፈልጌ የፈጠርኩት ነው አልኳቸው። የዚያን ቀን ከአፌ የወጣ ንጹህ እውነት እሱ ብቻ ነው።

ሐጂ ሳቁ። የሚያውቅ ሰው መቼ አውቃለሁ ይላል ብለው ቬንትሌተሩን ሊነቅሉ ሄዱ።