እንደሌለሁ ቁጠሩኝ ያለው እንግሊዛዊ

ምግብ ቤት ውስጥ የቆመን ሰው እንደሌለ ቆጥራችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ሞክሬ አቅቶኛል።

የምሠራው በሰው አገር፣ ፌርፋክስ ከተማ፣ እትዬ ስንዱ ምግብ ቤት ነው። መስከረም ላይ ኮሊን የሚባል ሸምገል ያለ እንግሊዛዊ ካሜራውን ተሸክሞ መጣ። ሥራው ዶክመንተሪ ነው፤ የወጥ ቤታችንን ውሎ ሊቀርጽ ነው። እንደሌለሁ ቁጠሩኝ አለን። ከሚቀርጻቸው ሰዎች ጋርም አይበላም፤ አብሬ ከበላሁ ዓይኔ ያዳላል ባይ ነው።

እንዴት ተደርጎ? እትዬ ስንዱ እጃቸው አልሠራ አላቸው። ሰው ጦሙን ቆሞ እኔ ሽንኩርት አልከትፍም አሉ። ሳህን አቀረቡለት። ካሜራውን ወደ በሩ አዞረ። ሳህኑም ዞረ። ሶ፣ የአንድ ሳምንት ሥራውን ሲያሳየን ያለው ነገር ወደ ካሜራው የሚመጣ ሳህን ብቻ ነው።

ተስፋ አይቆርጥም ግን። የአውቶቡስ ነጂ ልጅ ነው። በወጣትነቱ የአንዲት ወፍ እንቁላል እስኪፈለፈል ሦስት ሳምንት ቁጥቋጦ ውስጥ ተኝቶ ጠብቆ ቀርጿል። እንጀራ የሆነለት ያ ፊልም ነው። ከዚያ ዓሣ አስጋሪ ቀረጸ፣ እስረኛ ቀረጸ፣ አርባ ዓመት። ዘዴው አንድ ነው፤ ዝም ብሎ መቀመጥ። የፈራ ነገር ካላጣደፉት ራሱ ብቅ ይላል አለኝ። ሚስቱም ጥላው የሄደችው በዚሁ ነው አሉ። እቤትም ቁጭ ብሎ ያያታል እንጂ አያወራትም።

እኔ ግን ያን ሰሞን ፊልም አልታየኝም። ልጄ ኤልዳና አራት ዓመቷ ነው። እቤት አፏ አይዘጋም፤ ትምህርት ቤት ግን አንድ ቃል አትተነፍስም። አስተማሪዋ ደብዳቤ ላከች። እንግሊዝኛ የማነበው በጣቴ እየተከተልኩ ነው፤ «ልዩ ክፍል»፣ ትምህርት የሚከብዳቸው ልጆች የሚገቡበት፣ የሚለው ላይ ስደርስ ጣቴ ቆመ። አርብ ስብሰባ አለ፣ እዚያ ይወሰናል ይላል። አማርኛ ብቻ ስለማወራት ይሆን? ጥፋቱ የኔ ይሆን?

ከትምህርት ቤት መልስ ኤልዳና የምትቀመጠው ምግብ ቤቱ ጥግ ነው፤ ሌላ የሚይዝልኝ ሰው የለም። ደንበኛው ሁሉ ስምሽ ማነው፣ ምነው ዝም አልሽ ይላታል። እሷ ጠረጴዛ ሥር ትገባለች። ኮሊን ብቻ ምንም አልጠየቃትም። ካሜራውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ አጠገቧ ተቀመጠ፣ ዝም። ሦስት ቀን እንዲሁ።

በአራተኛው ቀን እትዬ ስንዱ እንደ ልማዳቸው ሳህን አቀረቡለት። እሱም እንደ ልማዱ አልነካውም። ኤልዳና ሳህኑን አየች፣ እሱን አየች።

«ብላ እንጂ፣ ይቀዘቅዛል» አለችው።

ትሪ ይዤ ቀረሁ። ምን አለች አለኝ ኮሊን በቀስታ። ብላ አለችህ አልኩት። ካሜራውን አየ። እሷን አየ። እጅጌውን ሰበሰበና እንጀራውን ጠቀለለ።

«በቀኝህ» አለችው ኤልዳና።

የአርባ ዓመት ደንብ በሽሮ ፈረሰ። ከዚያማ ማን ያስቁማት፣ አጎረሰችው ሁሉ። ካሜራው ይቀርጽ ነበር።

ቪዲዮውን ስልኬ ላይ ላከልኝ። አርብ ለአስተማሪዋ አሳየኋት። ሁለቴ አየችው፤ የተባለውንም እየተረጎምኩ ነገርኳት። እኔ ጥያቄ አብዝቼባታለሁ ማለት ነው አለች። ኦኬ፣ እስከ ገና እንጠብቅ ተባለ። በሚቀጥለው ሳምንት አስተማሪዋ ምሳ ሰዓት ላይ ኤልዳና አጠገብ ተቀምጣ፣ ሳንድዊቿን ሳትነካ ዝም አለች። በሦስተኛው ቀን ልጄ በእንግሊዝኛ ብይ አለቻት።

ኮሊን አሁንም ይመጣል፣ ያለ ካሜራ። ሥራዬን አበላሻችሁት ይላል፣ አፉን ሞልቶ።

ሰኞ ዕለት ሌላ ደብዳቤ መጣ። በጣቴ እየተከተልኩ እስከ መጨረሻው ዘለቅሁት። ኤልዳና ምሳ ሰዓት እየዞረች ልጁን ሁሉ ብሉ፣ ብሉ እያለች አስቸግራለችና እባክዎ ይምከሩልን ይላል።

አልመከርኳትም። ለሚጠይቀኝ፣ እንግሊዝኛ ማንበብ አልችልም እላለሁ።