ኮኮናቷን ለመንከባከብ የተመረጡት

ተረት አለኝና ጠጋ በሉ፤ እናንተ ጆሮ ስጡኝ፣ እኔ ልንገራችሁ።

ድሮ ድሮ፣ ሙቀቱ በማይቻል የባሕር ዳርቻ አንድ ትንሽ ጫካ ነበር። በጫካው ውስጥ ያለችው የኮኮናት ዛፍ አንዲት ብቻ ነበረች። በጋ ገብቶ ኩሬው ሲደርቅ፣ የባሕሩ ውሃ ጨው ነውና አይጠጣም፤ እንስሳቱ የኮኮናቷን ፍሬ እየሰበሩ ውሃውን ልጆቻቸውን ያጠጡ ነበር። የሚጠጣ ውሃ ያለው ወንዝ ደግሞ የሁለት ቀን መንገድ ነው። አንድ ዓመት ዛፏ ፍሬ ሳትሰጥ ቀረች። ያን ጊዜ ከርከሮ አራት ልጆቿን ይዛ ወደ ወንዙ ስትሄድ አንዱ መንገድ ላይ ቀረባት።

ታዲያ አንድ ቀን ኃይለኛ ነፋስ መጣና ዛፏን ገነደሳት። ሦስት ፍሬ ብቻ ተረፈ።

ከርከሮ እየሮጠች መጣች። "ሦስቱንም እንትከል! በጎን አጋድሞ አሸዋ ውስጥ ግማሹን መቅበር፣ ውሃ ማጠጣት፣ ከዚያ መተው ነው። ፍሬ እስኪሰጥ ሰባት ዓመት ይፈጃል፤ ዛሬውኑ እንጀምር።"

"ቆይ እንጂ እትዬ ከርከሮ!" አለ ዝንጀሮ። "የሕዝብ ንብረት እንዲሁ ብድግ ተደርጎ ይቀበራል እንዴ? መጀመሪያ እንሰብሰብ።"

ተሰበሰቡ። ዝንጀሮ ሊቀመንበር፣ ሰጎን ተቆጣጣሪ፣ ጅብ ጥበቃ ሆነው ተመረጡ። ምርጫው ስለረዘመ ሁሉም ጠማቸው፤ አንዱን ፍሬ ሰብረው ጠጡት። በማግስቱ የተከላው በዓል ነበር። ንግግሩ አላልቅ ሲል ሁለተኛውን ለክብር እንግዶች አቀረቡት። የክብር እንግዶቹም እነሱው ነበሩ።

ሦስተኛውን ከርከሮ በአፍንጫዋ ቆፍራ ተከለችው።

"በሉ አሁን አትንኩት። ለወራት ዝም ብሎ ይተኛል።"

በሰባተኛው ቀን ሰጎን በእግሯ ጭራ አወጣችው። ዝንጀሮ ተቀብሎ ጆሮው ላይ አስጠግቶ ነቀነቀው።

"ውሃው አለ። መዝግቢ!"

"ኧረ በልጆቻችሁ!" አለች ከርከሮ። "በየጊዜው እየተነቀለ እንዴት ይበቅላል?"

"ሳናየው ምን ብለን ሪፖርት እናቅርብ?" አለች ሰጎን።

"ገና አልበቀለም በሉ!"

"ተይ እትዬ፣ ይሄማ የሰው ሞራል ይነካል" አለ ዝንጀሮ።

"የምን ሰው?" አለ ጅብ።

እንዲህ በየሰባት ቀኑ እያወጡ፣ እየነቀነቁ፣ መልሰው እየቀበሩ ሦስት ወር ሞላ። አንድ ቀን ነጭ ሥር ብቅ ብሎ አገኙት። ጫካው በእልልታ ተናጋ። ሁሉም ይየው ተብሎ ፍሬው ከእጅ እጅ ዞረ። ጅብ አሸተተው፤ ደግሞም ላስ አደረገው። ሰጎን ርዝመቱን ልትለካ ሥሩን በአፏ ይዛ ሳብ ስታደርገው ቀጭ አለ።

"የአንድ ጣት ያህል ነው!" አለች። ተጨበጨበላት።

ከርከሮ ሥሩ የተሰበረውን ፍሬ ይዛ ሄዳ ቀበረችው፤ ቅጠል አለበሰችው፤ ከኩሬው የቀረችውን ጭቃ ውሃ በአፏ እያመላለሰች አጠጣችው። አልሆነም። ፍሬው ጠቆረ፣ ውሃው ሸተተ።

ወዲያው ስብሰባ ተጠራ። ዝንጀሮ ጉሮሮውን ጠርጎ ተነሣ።

"ጥናቱ እንደሚያሳየው" አለ፣ "ፍሬው የሞተው ክትትል አንሶት ነው። ስለዚህ ስድስት ተቆጣጣሪ እንጨምራለን። እትዬ ከርከሮንም መርጠናታል። የት አለች?"

ከርከሮ አልነበረችም። በጋው ገብቶ ነበርና የቀሩትን ሦስት ልጆቿን አስከትላ በባሕሩ ዳር ወደ ወንዙ ጉዞ ጀምራለች። ትንሹ ከአሁኑ እግሩን ይጎትታል። ጥቂት እንደሄዱ ማዕበሉ ከሩቅ አገር ያመጣውን አንድ ኮኮናት አሸዋው ላይ አንከባሎ ጣለው። አረንጓዴ ቡቃያ አውጥቷል።

"እማ! እማ! ኮኮናት!" ብሎ ትንሹ ዘለለ።

ከርከሮ ወደ ጫካው ዞር ብላ አየችና በአፍንጫዋ አፉን ከደነችው።

"ቀስ በል፣ የኔ ጌታ፤ ከሰሙ ይሰበሰባሉ።"