ለማንኛውም የተያዘ ትንሽ ነገር

በዋሽንግተን ዙሪያ በሚኖር በእያንዳንዱ የሐበሻ ቤተሰብ ውስጥ አንዲት ስንቅ ቋጣሪ አለች። «እኛ ቤት የለችም» የሚል ሰው ካለ ወይ ዋሽቷል፣ ወይ የቋጠረችለትን እየበላ ረስቷታል። ይህች ሴት ምግብ ቤት አታምንም። ምግብ የሞላበት አዳራሽም አታምንም። መንገድ የተባለ ሁሉ፣ ሁለት የባቡር ፌርማታም ቢሆን፣ ለእሷ በረሃ ነው።

የሄለን ቤተሰብ ስንቅ ቋጣሪ ክብርት እትዬ የዓለምዘርፍ ናቸው። ሄለንን ከልጅነቷ ጀምሮ ያሳደጉ አክስቷ ሲሆኑ፣ የሚኖሩት ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ባዶ እጃቸውን ከቤት ሲወጡ ያያቸው የለም። «ለማንኛውም ትንሽ ነገር ይዣለሁ» ይላሉ። ያቺን ትንሽ ነገር ከመኪና ለማውረድ ግን ሁለት ጎልማሳ ያስፈልጋል።

ሄለን ትርፍ አንጀቷን ኦፕራሲዮን በሆነች ጊዜ፣ ከሐኪሙ ቀድመው አጥሚት በፔርሙስ ይዘው የደረሱት እሳቸው ነበሩ። ገና መብላት አልተፈቀደላትም ቢባሉ አልደነገጡም። አጥሚቱን ለአጠገቧ በሽተኛ፣ ለነርሷና ወለል ለሚወለውለው ሰውዬ አከፋፍለው ሲያበቁ፣ «አየሽ፣ ባልይዝ ኖሮስ?» አሏት። አናንዴል በተደረገ ሠርግ ላይ ደግሞ፣ ቡፌው ተደርድሮ ሙሽሮቹ እየጨፈሩ፣ ከጠረጴዛ ሥር የምስር ወጥ ሲከፍቱ ተያዙ። «ካነሰ ብዬ ነዋ!» አሉ። እሳቸው አላፈሩም፤ ሄለን በእሳቸው ፋንታ አፈረች።

ለራሷ ሠርግ ግን ሄለን ቆርጣ ተነሳች። ከፋሲካ በኋላ ምናሴን ታገባለች። ቦታውንም መርጣለች፤ ቨርጂኒያ ውስጥ ከተራራ ሥር ያለ፣ ወይን ተክሎ ወይን የሚጠምቅ እርሻ። በመከር ከምናሴ ጋር ሄዳ አይታው ልቧ እዚያው ቀርቷል። ችግሩ አንድ ብቻ ነው፤ እርሻው ከውጭ ምግብ አያስገባም፣ ሁሉንም የሚያበስለው የራሱ ወጥ ቤት ነው። ይህን ለእትዬ አልነገረቻቸውም። እሳቸው ያልመረቁት ቦታ ላይ ደግሞ አታገባም። ስለዚህ መጀመሪያ ተራራውን ልታሳያቸው፣ ልባቸው ሲራራ ደግሞ ልትነግራቸው አሰበች። ከሆቴል ሥራዋ ዕረፍት ያገኘችበት ቅዳሜ የፈረንጆቹ ገና ሊገባ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ እኛ ደግሞ በነቢያት ጾም መሀል እያለን ነበር።

«እትዬ፣ ቃል ይግቡልኝ» አለች ዓርብ ማታ በስልክ። «ነገ ምንም ምግብ አይዙም።»

«ትንሽ ነገር እንኳ?»

«ትንሽ ነገር እንኳ።»

«ጾም እኮ ነው ልጄ። የሚቀመስ ባይኖርስ?»

«ይኖራል።»

 «እሺ» አሉ እትዬ፣ ቤታቸውን ሸጠው እንደሚፈርሙ ሁሉ።

በማግስቱ ሄለን ከአሌክሳንድሪያ መጥታ ስትወስዳቸው የያዙት የእጅ ቦርሳ ብቻ ነበር። ልቧ አላመነም። «ላግዝዎት» ብላ ቦርሳውን ስታነሳው ቀለላት።

እርሻው ጋ ሲደርሱ ወይኑ ቅጠሉን አራግፏል፣ ከኋላው ተራራው ሰማያዊ ሆኖ ተዘርግቷል፣ በሩ ላይ የገና መብራት ተንጠልጥሏል። የእርሻው ባለቤት፣ ፈርጠም ያሉ ፈረንጅ ባልቴት፣ አይብና ዳቦ በሳህን፣ ወይን በብርጭቆ አቀረቡ። እትዬ ወይኑን አሸተቱት። «ጌሾ የለውም» ብለው መለሱት። ወደ ዳቦው እያመለከቱ «በተር?» ብለው ጠየቁ። ሴትዮዋ በኩራት «እንዴታ፣ ምርጥ ቅቤ!» አሉ። እትዬ ዳቦውንም መለሱት።

ሄለን ትንፋሿን ሰበሰበች። «እትዬ፣ የሠርጉን ምግብ እነሱ ናቸው የሚሠሩት። አውትሳይድ ፉድ አይፈቅዱም።»

እትዬ ተራራውን አዩት። ሄለን ለክርክሩ ስትዘጋጅ ነው የሰነበተችው፤ ለእያንዳንዱ ጥያቄ መልስ አላት።

«ያንቺ ሠርግ ነው» አሉ እትዬ። «አንቺ ደስ ካለሽ ይሁን።»

በቃ። ያ ሁሉ ክርክር ሳያስፈልግ ቀረ። ሄለን ለእርሻው ባለቤት «ሰኞ እደውላለሁ» ብላ ከእትዬ ጋር ወጣች።

ሲመለሱ መንገዱ ተዘጋግቶ መኪናው አንድ ቦታ ተገተረ። ዘጠኝ ሰዓት አለፈ፤ እትዬ ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሱም።  እጃቸው ሳያውቁት ወደ እግራቸው ሥር ወረደ፣ ሁልጊዜ ስንቁ ወደሚቀመጥበት። ባዶ ነው። እጃቸውን መለሱና፣ ለዚሁ ብለው ያጎነበሱ ይመስል ነጠላቸውን አስተካከሉ።

ሄለን አየች። ያሸነፈችው ይህን ነበር ማለት ነው። 

በመጀመሪያው መውጫ ታጥፋ አንድ ነዳጅ ማደያ አጠገብ ቆመች። ወርዳ የኋላውን ኮፈን ከፈተችና ምግብ የሚያዝበት ትንሽ ሰማያዊ ኩለር ይዛ ተመለሰች። ጠዋት ገና ሳይነጋ ያዘጋጀችው የጾም ፍርፍር በፎይል ተጠቅልሎ ውስጡ አለ። ቃል ያስገባችው እትዬን እንጂ ራሷን አልነበረም።

«ለማንኛውም ትንሽ ነገር ይዣለሁ» አለች፣ ዓይናቸውን ሳታይ።

እትዬ አማተቡ፣ ጎረሱ፣ አላመጡ። «ጨው አንሶታል» አሉ። «ሽንኩርቱም አልበሰለም።» ይህን እያሉ አንድ ትልቅ ጉርሻ ጠቅልለው አፏ ውስጥ ከተቱላት።

ሄለን እስክትውጥ ጊዜ ወሰደባት። «እዚያ አላገባም» አለች። «እርስዎ ያላበሰሉበት ሠርግ ሠርጌ አይደለም።»

«ተራራውስ? ወደሽው አልነበር?»

«አሁንም እወደዋለሁ። በሠርጉ ቀን ከመንገድ ዳር ለፎቶ እንመጣለን።»

እትዬ ፎይሉን አጥፈው ወደ ኩለሩ መለሱት። መኪናው መንገድ ሲገባ ፊታቸው ላይ የነበረው ድካም ለቋል።

«እስቲ ንገሪኝ» አሉ። «ለፎቶ ስንት ሰው ነው የሚመጣው?»