የአያ መርሻ የዝናብ ልብስ አቤቱታ

አመስግኖ የሚከስ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ በደርግ ጊዜ፣ ላሊበላ በሚገኝ ሆቴል የሠራተኛ ማኅበሩ ጸሐፊ ሳለሁ ገጥሞኛል። ዘበኛችን አያ መርሻ ሁለት ክረምት ያለ ዝናብ ልብስ በር ጠብቀዋል።

«አያ፣ በደልዎንና የሚፈልጉትን ብቻ ይጻፉ፤ ለሥራ አስኪያጁ ያስገቡና ግልባጩን ለእኔ ይስጡኝ» አልኋቸው።

«አለቃ ሳይመሰገን ይከሰሳል እንዴ?» ብለው ተቆጡኝ።

ከ«ኢትዮጵያ ትቅደም!» ተነሥተው የሥራ አስኪያጁን ደግነት ሲዘረዝሩ ገጹ አለቀ፤ የዝናብ ልብሱ ነገር ወደ ጀርባው ዞረ። ሥራ አስኪያጁ ፊቱን ብቻ አንብበው በጣም ደስ አላቸውና በሩ አጠገብ ካለው የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለጠፉት። እኔስ ብሆን ግልባጩን መች ገለበጥሁት?

ምስጋናው በሰሌዳው መስታወት ተሸፍኖ ጠብታ ሳይነካው ከረመ። አያ መርሻ ከጎኑ ቆመው በሰበሱ።